የደራሽ ውሃ መዝገብ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሮቢ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የጣለው እላይ፣ በጣርማበር አፋፍና በመንዝ በኩል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አፋፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሁለቱ መካከል በአየር ያለው ርቀት ግን 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንዲህ ባለ ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ ጊዜ አይሰጥም። አፈሩን፣ ድንጋዩንና ግንዱን እየገፋ ሜዳው ላይ ይደርስና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ዝቅታ ይቀጥላል። የጀውሃ ወንዝም እንዲሁ ነው።

የዚህ የይፋት ቆላ ገበሬ ይህን ለማወቅ የማንንም ቀመር አልጠበቀም። ከሰዓት በኋላ ደጋው ከጠቆረ ከብቱን ከወንዙ አሸዋ ላይ ያስነሳል፤ ሽንኩርቱን ከዳር የተከለ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ጆሮውን ጥሎ ያድራል። ዛሬ ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ጥበብ በመሠረቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ያለፈውን ካሁኑ እያመሳከሩ የሚመጣውን መገመት ነው። ችግሩ የገበሬው መዝገብ ያለው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ከዚህ በታች የምተርከው ያ መዝገብ እንዴት ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ማሽን እንደተሻገረ ነው። በአብዛኛው የሀገር ቤቱን ዘመን በእኛው አቆጣጠር፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ።

የኢትዮጵያን ክረምት ቀድሞ በጽሑፍ የያዘው፣ ያ ዝናብ የማይዘንብበት አገር ነው። ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይን ከፍታ ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የዓመታዊው ሙላት አብዛኛው ውሃ ከእኛ ደጋ የሚወርድ ስለሆነ፣ ግብጻውያኑ ሳያዩት የጎጃምንና የወሎን ዝናብ ይለኩ ነበር ማለት ይቻላል። ግብር የሚጣለው በዚያ ቁጥር ነበርና መዝጋቢው አያንቀላፋም። እኛ ዘንድ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን ሲገባ፣ የከብቱ እልቂትና የሰው ረሃብ በዜና መዋዕልና በአረጋውያን አፍ ቆየ። ይፋት ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደቀረ ግን የሚነግረን የለም።

ከዚያ ክፉ ቀን ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1899 እ.ኤ.አ.፣ የሕንድ ዝናብም ቀረና ሕዝብ አለቀ። እንግሊዞች በ1904 የሕንድን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እንዲመራ የላኩት ጊልበርት ዎከርን ነው። ሰውየው የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ እንጂ የአየር ጠባይ ባለሙያ አልነበረም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ነፋስና ደመና ለምን እንዲህ ይሆናሉ ብሎ ከመመራመር ይልቅ ከዓለም ዙሪያ ቁጥር መሰብሰብ የመረጠው። የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገቦችን አሰባስቦ የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በጸሐፊዎቹ እጅ አስሰላ። ከሰንጠረዡ ዓምዶች አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዝናብ ስሙ ሳይጠራ በዚያ ስሌት ውስጥ ገባ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ግኝት የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቅና ምዕራብ ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ ነው። ዛሬ ኤልኒኖ ስንል የምናወራው የዚህን ሚዛን አንድ ጫፍ ነው። ዎከር አንድ አደጋም ቀድሞ አይቷል። በመቶ የሚቆጠሩ ዝምድናዎችን የፈተሸ ሰው ጥቂቶቹን በአጋጣሚ ብቻ ጠንካራ ሆነው ያገኛቸዋል። የዛሬ የማሽን ለርኒንግ ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ሃሮልድ ኸርስት የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ዕድሜውን ግብጽ ውስጥ ዓባይን ሲያጠና ጨረሰ። ጥያቄው የግድብ ጥያቄ ነበር፤ ለክፉ ዓመት ምን ያህል ውሃ ይቀመጥ? በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እርጥብ ዓመታት እርስ በርስ እንደሚከታተሉ፣ ደረቆቹም እንዲሁ እንደሚሰበሰቡ አሳየ። ወንዙ ረጅም ትዝታ አለው ማለት ነው። በኋላ ማንደልብሮት የሚባለው የሒሳብ ሊቅ ይህን ጠባይ በዮሴፍ ስም ጠራው፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት አስቦ።

1952 እና 1953 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ የተለዩ ናቸው። በ1952 በጣሊያን የጦርነት ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። ከ1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንዲይዝ የታሰበ ነበር። አዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ተበጀለት፤ በር ካለ ደግሞ መቼ ይከፈት የሚል ጥያቄ አለ። ቶሎ ከለቀቁት ለበጋ መስኖና ለመብራት ውሃ ያጥራል፤ ካዘገዩት በነሐሴ ሙላቱ ሲመጣ ማስቀመጫ ይጠፋል። ስለዚህ በሩን የሚይዘው ሰው የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን የነገውን ማወቅ ነው። በዚያው ዓመት ሩዶልፍ ካልማን አሜሪካ ውስጥ ያሳተመው ቀመር የነካው ይህንን ነው። ግምት አለህ፣ ልኬትም አለህ፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ፤ እያንዳንዱን በሚታመንበት መጠን መዝነህ አዋህዳቸው፤ አዲስ ልኬት በመጣ ቁጥር ደግሞ እንደገና አስተካክል። የአፖሎ መንኮራኩሮች ጨረቃ የደረሱት በዚህ ስሌት እየታገዙ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ኮምፒውተሩ ላይ የሠራውን ትንሽ የአየር ጠባይ ስሌት ሊደግመው ፈለገ። ከመሐል ለመጀመር አንዱን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ገለበጠ፤ ማሽኑ በሆዱ የያዘው 0.506127 ሲሆን ወረቀቱ ያሳየው 0.506 ብቻ ነበር። ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ሁለተኛው ስሌት ከመጀመሪያው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ከሺህ አንድ እጅ የማይሞላ ልዩነት በስሌቱ ዓለም ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ የተለየ አየር ወለደ። በ1963 እ.ኤ.አ. የታተመው ጽሑፉ የትንበያን ድንበር አሰመረ። ቀመሩ ፍጹም ቢሆን እንኳ መነሻውን አጥርተህ ካልለካህ ሩቁን አታይም።

በዚያው በ1953 ዓ.ም.፣ ግንቦት 24 ቀን፣ ይፋት ራሱ ተንቀጠቀጠ። የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሰ፤ የደሴውን መንገድ ሰነጣጠቀ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ባይኖርና አባ ፒየር ጉዋን ተከታትለው ባይመዘግቡት ዛሬ ስለ ማጀቴ የምናውቀው ወሬ ብቻ በሆነ ነበር። ለነገሩ መዝገብ መኖሩና መተንበይ መቻል አንድ አይደሉም። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት እስከ ዛሬ በየትኛውም ማሽን ቆርጦ የተናገረ የለም። ውሃ ግን ከዚህ ይሻላል፤ ሜዳ ከመድረሱ በፊት ደመና ሆኖ ይታያል።

የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብ መንግሥት ገለበጠ። በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሆኖ በዋናነት አውሮፕላን ሲያገለግል የኖረው የሚቲዎሮሎጂ ክፍል በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ የወቅት ትንበያ ገና አልተጀመረም። የተጀመረው በ1979 ነው።

ይህ ትንበያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ልቆይበት፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ባለሙያዎቹ የፓስፊክን የባሕር ወለል ሙቀት አካሄድ ያያሉ። ከዚያ በመዝገባቸው ውስጥ የዘንድሮን የሚመስሉ ያለፉ ዓመታትን ይፈልጋሉ። በነዚያ ዓመታት በልጉ ወይም ክረምቱ በየአካባቢው እንዴት እንደነበር ይመለከቱና ለእያንዳንዱ አካባቢ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ የመሆኑን ዕድል በመቶኛ ያወጣሉ። ተመሳሳይ ዓመት መፈለግ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ይህ የቅርብ ጎረቤት የሚባል የታወቀ የመማሪያ ዘዴ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ከመረጃ የሚማር ትንበያን መጠቀም የጀመረችው ኤአይ የሁሉ ሰው ወሬ ከመሆኑ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ይህ ሲነገር አልሰማሁም፤ ሊነገር ይገባዋል።

የዘዴው ድካም ግን የታወቀ ነበር። ሎሬንዝ ራሱ በ1969 እ.ኤ.አ. የሰሜን ንፍቀ ክበብን የአየር ካርታዎች አገላብጦ በእውነት የሚመሳሰሉ ሁለት ቀናት ማግኘት እንዳቃተው ጽፏል። መዝገቡ አጭር ሲሆን መንታ አይገኝም። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ዲሪባ ቆሬቻ ከባርንስተን ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. የክረምታችን ዕጣ ከሁሉ በላይ ከኤልኒኖ ጋር እንደተሳሰረ አሳዩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ከሶርተበርግ ጋር በመሆን ከ1999 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የወጡትን የወቅት ትንበያዎች ከደረሰው ዝናብ ጋር አስተያዩ። ትንበያው ከተራ አማካይ ግምት ጥቂት ይሻላል፤ ድርቅን ለይቶ በማየት ግን ደካማ ነው። አንድ ባለሙያ የራሱን ቤት ሥራ እንዲህ በአደባባይ መመዘኑ ያስከብረዋል።

በዚህ መሐል ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ሌላ አገር ሌላ ነገር እየሠሩ ነበር። ዮናስ ዲቢኬ ሆላንድ፣ ደልፍት ውስጥ ከሶሎማቲን ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የወንዝ ፍሰትን በኒውራል ኔትወርክ የመተንበይ ጥናት አሳተመ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ለማሽኑ ያለፉትን ቀናት ዝናብና ፍሰት ትሰጠዋለህ፤ የነገውን ፍሰት ገምት ትለዋለህ። መጀመሪያ ላይ የሚመልሰው ዝም ብሎ ነው። ስህተቱን ትለካና በውስጡ ያሉትን ሚዛኖች ስህተቱ በሚቀንስበት አቅጣጫ በጥቂቱ ታዞራለህ። ይህ በሺህ ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ ጨርሶ አይቶት በማያውቀው ዓመት ትፈትነዋለህ፤ ዋጋ ያለው ፈተና ይህ ብቻ ነው። የዲቢኬ ወንዝ አዋሽ አልነበረም፤ የቬኔዙዌላው አፑሬ ነው። ጥሩሰው አሰፋ በ2006 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ዩታ ባልደረቦቹ ጋር ሰፖርት ቬክተር ማሽን በሚባለው ዘዴ ከሰዓት እስከ ወቅት የሚደርስ የፍሰት ትንበያ ሲሠራ የተጠቀመው የዚያኑ አገር የሴቪየርን ወንዝ ነው። የእኛ ልጆች በሰው ወንዝ የሠሩት፣ ይመስለኛል፣ የተሟላ መዝገብ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ጥሩሰው ያን ጥናት ባሳተመበት ዓመት፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የጣለው ከበላዩ ባሉት ተራሮች ሲሆን ውሃው ከተማዋን በእንቅልፍ ላይ አገኛት። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ሁለቱ አደጋዎች የተለያዩ ናቸው። ኦሞ ትልቅ ወንዝ ነው፤ ለቀናት እየሞላ ይሄዳል፣ ስለዚህ የሚከታተለው ካለ ያስጠነቅቃል። ደቻቱ የሰዓታት ነገር ነው። ሮቢ የደቻቱ ወገን ነው።

ከዚያ በኋላ መረጃውን መሰብሰብ ራሱ ሥራ ሆነ። ቀድሞ በኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ቱፋ ዲንቁ የሀገራችን የዝናብ ጣቢያዎች በዋና ዋና መንገዶች ዳር እንደተደረደሩ ደጋግመው ያሳስባሉ። በመሐል ያለው ገደልና ቆላ ባዶ ነው። ኢናክትስ በሚባለው ሥራቸው የጣቢያዎቹን ልኬት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከማቸው የሳተላይት ግምት ጋር አዋሕደው በየ4 ኪሎ ሜትሩ፣ በየአስር ቀኑ የሚነበብ የዝናብ መዝገብ ሠሩ። ይህ መጀመሪያ የተሞከረው ኢትዮጵያ ላይ ነው፤ በኋላ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዛመተ። ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ላይ በመሆኗ ዕድለኛ ናት። ጎርፏን የሚልከው አቀበት ግን አብዛኛው መንገድ ዳር አይደለም።

አዋሽም ተራው ደረሰ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደሳለኝ ጨመዳ ኤዶሳ ከሙካንድ ባቤል ጋር በመካከለኛው አዋሽ መልካ ሰዲ ላይ የወንዙን ፍሰት በኒውራል ኔትወርክ የመተንበይ ጥናት አሳተሙ። ዓላማው የመስኖ ውሃ አደላደል ነበር፤ ውሃ ሊያጥር ከሆነ ገበሬው ሳይዘራ ይወቅ ነው። ወዲያው ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንተነህ በላይነህ ከአዳሞውስኪ ጋር የአዋሽን ተፋሰስ ላይኛ፣ መካከለኛና ታችኛ ብሎ ከፍሎ የድርቅ መለኪያውን ተነበየ። የመለኪያውን ቁጥር አስቀድሞ በዌቭሌት ወደ አጭርና ረጅም ሞገድ በትኖ ለኒውራል ኔትወርኩ ሲሰጠው ውጤቱ ተሻሻለ። የኸርስት የረጅም ትዝታ ወንዝ እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ማሽኑ ረጅሙን ሞገድ ለብቻው ሲያይ ይጠነክራል።

ቀጣዩ እርምጃ ትዝታን ማሽኑ ውስጥ መትከል ነበር። ኤልኤስቲኤም የሚባለውን ኔትወርክ ሆክራይተርና ሽሚድሁበር በ1997 ነበር የነደፉት። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ምን ይያዝ፣ ምን ይረሳ፣ ምን ይውጣ የሚለውን ራሱ ይማራል። ኦስትሪያ ቪየና ውስጥ ፍሬድሪክ ክራትዘርትና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ለወንዝ አዋሉት። መሬት ውሃ ትጠጣለች፣ ትይዛለች፣ ኋላም ትለቃለች፤ በበልግ የጠገበ መሬት የሐምሌን ዝናብ አይቀበልም። ይህንን ጠባይ ማንም ቀመር ሳይጽፍለት ማሽኑ ከቁጥሩ አወጣው። የጉግል የጎርፍ ትንበያም በዚያው ዓመት ሕንድ ፓትና ላይ ጀምሮ ኋላ ይህንኑ መንገድ ያዘ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር ላይ በወጣው ጥናታቸው ግሬይ ኒሪንግና ባልደረቦቹ በዓለም ዙሪያ ካሉ 5,680 የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች የተማረ ሞዴል መለኪያ ላልተተከለባቸው ወንዞችም እንደሚሠራ አሳዩ። የአፍሪካ ትንበያ ጥራት ነባሩ ዘዴ አውሮፓ ላይ ወደሚደርስበት ተጠጋ። በሰው ወንዝ የተማረው ማሽን፣ ማንም ለክቶት የማያውቀውን ወንዝ መገመት ቻለ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አዋሽ ሞልቶ አፋር ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅል እንዲህ ያለው ሥርዓት ለተራው ሰው ገና አልደረሰም ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ሁሉ ማየት ይችላል። የአየር ትንበያውም እንዲሁ ተለውጧል። ግራፍካስት የሚባለው ሞዴል በ2023 እ.ኤ.አ. የአስር ቀን የዓለም ትንበያን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አወጣ፤ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከልም የራሱን ተመሳሳይ ሞዴል የካቲት 2017 ዓ.ም. በመደበኛ ሥራ ላይ አዋለ።

አሁን ወደ ሮቢ። ግራፍካስት ዓለምን የሚያይበት ካሬ ጎኑ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ እንዲህ ባለ ካሬ ውስጥ የጣርማበር ብርድና የሮቢት ሙቀት አብረው ሊገቡ ይችላሉ፤ ማሽኑ አማካዩን ያያል፤ በአማካይ ላይ ደግሞ ማንም አይኖርም። የጉግሉ የወንዝ ሞዴል የሚቆጥረው በቀን ነው፤ የሮቢ ሙላት ግን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሳይነጋ ሊያልፍ ይችላል። ልኬቱም ራሱ ችግር አለበት። በብዙ ወንዞቻችን ውሃው የሚለካው ዳር ላይ በቆመ ሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ ሲሆን መዝጋቢው ሰው ጧትና ማታ ሄዶ ያነበዋል። ጫፉ በሁለቱ ንባቦች መሐል ካለፈ መዝገቡ ውስጥ የለም። ትልቁ ጎርፍ ሰሌዳውን ይዞት ይሄዳል። የወንዙ ወለል በደለል ሲሞላም የአምናው ሁለት ሜትርና የዘንድሮው ሁለት ሜትር አንድ ውሃ አይሆኑም። ማሽኑ ይህን ሁሉ እንደ እውነት ይማረዋል።

የግድብ በርን ስለመቆጣጠርም ሳልናገር አላልፍም። ደልፍት ላይ በ2003፣ ጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ማሽኑ ራሱ እየሞከረ ውሃን መቆጣጠር የሚማርበትን ዘዴ ፈትነዋል። ሙከራው በኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ በሕዝብ ላይ ጎርፍ ለቅቆ መማር የለምና። ቆቃ ደግሞ በደለል ሳቢያ የቀድሞውን ያህል ውሃ አይዝም፤ የስህተት ቦታው ጠቧል። በእኔ ሐሳብ ማሽኑ ለበሩ ጠባቂ ምክር ይስጥ፤ እጀታውን ግን አይያዝ። ዝቅታው ላይ ያለው አፋር አርብቶ አደር ሲጎዳ የሚጠየቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

ለይፋት ዛሬ የሚያስፈልገው ከሞዴል በፊት መለኪያ ነው። ከአፋፉ እስከ ሜዳው ባለው ቁልቁለት በየደቂቃው የሚመዘግቡ ጥቂት የዝናብ መለኪያዎች፣ በሮቢና በጀውሃ ድልድዮች ላይም ጎርፍ የማይወስዳቸው የውሃ ከፍታ መለኪያዎች ይተከሉ፤ መረጃቸውም ለማንም ተማሪ ክፍት ይሁን። ያለፈውም ቢሆን ሁሉም አልጠፋም። በየገጠሩ የዝናብ መለኪያውን ጧት በ3 ሰዓት ሲያነቡ የኖሩ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች አሉ። ደብተራቸው በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይገኛል። በቀወትም፣ በኤፍራታና ግድምም፣ በጣርማበርም ወረዳ እንዲህ ያለ ደብተር የምታውቁ ሰዎች ከመጣሉ በፊት በስልካችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱትና ቅጂውን ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስጡ።